ከሁለት ገጽ አባሪ ጋር

ኢትዮጵያ ትቅደም
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 12 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለአክስቴ የልጅ ልጅ፣ ለኔ ግን ከልጅም ልጅ ለሆንከው ለአምሳሉ፤

ልደታ ማርያም በሄድክበት ሁሉ አትለይህ። ጤናህ እንዴት ነው? ትምህርቱስ? ሕግን በሰው አገር ቋንቋ መማር ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። እኔ በገዛ ቋንቋዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ፣ ዛሬም ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላዬ ሥር ተቀምጬ የሚወጣውን አዋጅ ሁሉ አንብቤ መጨረስ አቅቶኛል። አዋጅ መብዛቱ መልካም ነው። ዓይኔ ግን ደክሟል።

ስለ ማናለብሽ ልጽፍልህ ብዕር ካነሣሁ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። መጋቢት 5 ቀን ማለዳ ልጄ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ ጫማዋን ቀባች፣ የመሥሪያ ቤት ቀሚሷን ለበሰችና ወጣች። ሥራ የገባች መስሎኝ ነበር። በአራት ሰዓት ከፖሊስ ጣቢያ ሰው ተላከብኝ። ለካ በገዛ እግሯ ጣቢያ ገብታ፣ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተረኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ «ይሄ ሐሺሽ ነው። የኔ ነው። ልሸጠው ነው የያዝኩት» ብላለች። ተረኛው ራሱ አላመናትም። «ሂጂ እቴ፣ ሥራ አታስፈቺኝ» ብሏት ነበር አሉ። እሷ ግን ካልመዘገብከኝ አልነሣም ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

አንተ ታውቃታለህ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቧ ሲቀመጥ ወንበር የምትቀይር ልጅ ናት። ታመመች እንዳልል ጤነኛ ናት። ተገደደች እንዳልል አስገዳጁ አይታይም። ጥፋተኛ ነኝ ስላለች ነገሩ ሳይጎተት ሁለት ዓመት ተፈርዶባት ከርቸሌ ገብታለች።

ሌላም አለ። የጽሕፈት መኪናዬ፣ አንተም በልጅነትህ የተማርክባት፣ «መ»ዋ ከሌሎቹ ፊደላት ከፍ ብላ የምትመታው፣ በዚያው ሳምንት ከቤት ጠፋች። ማናለብሽን ስጠይቃት «ሸጥኳት አባባ» አለችኝ። ለማን ስላት ዝም። ለምን ስላት ዝም። ለሐሺሽ መግዣ ነው ብዬ ደመደምኩ። ምን ልበል ሌላ?

ከታሰረች በኋላ ከተማው በሙሉ ሲፈተሽ እኛም ቤት መጡ። የቀበሌው ሊቀ መንበር መዝገቡን ገልጦ «በስምህ የተመዘገበ የጽሕፈት መኪና አለ፤ የታል?» አለኝ። እንባዬ እየመጣ «ልጄ ለሐሺሽ ሸጠችው» አልኩት። ጠመንጃ ከያዙት አንዱ ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ሳቀና «አይዞህ አባት፣ ዱርዬ ነው እንጂ አናርኪስት አልወጣልህም» ብሎ «ለሐሺሽ የተሸጠ» ሲል መዝገቡ ላይ አሰፈረ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔ ግን ከመጽናናት ይልቅ መሬት ብትከፈትልኝ ደስ ባለኝ።

ግድግዳ የምንጋራት ወይዘሮ ሸዋዓለም ሰላምታ ትታለች። ልጇ ደሚቱ፣ ትርሓስና ሌሎች ሁለት ልጆች እሑድ እሑድ ከማናለብሽ ጋር ለጥልፍ እኛ ቤት ይሰበሰቡ እንደነበር ታስታውሳለህ። አሁን «ልጄን የሐሺሽ ቤት አልሰድም» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውጃለች። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ብሆን አልሰድም ነበር።

ልለምንህ የፈለግሁት ይኸን ነው። ሐሺሽ በሌላው ዓለም እንዴት ይታያል? ቅጣት ማቅለያ የሚሆን ነገር ካገኘህ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሳትሰለች የምታነብልኝ ጋሼህ፣
ኃይለመለኮት
አባሪ፦ የማናለብሽ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ እንዳትረሳት

*

ኦልባኒ፣ ኒው ዮርክ
ግንቦት 20 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኃይለመለኮት፤

ከሩቅም ቢሆን ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥዎ። ደብዳቤዎን ባነበብኩበት ቀን ክፍል ገብቼ መምህሩ የተናገረውን አንድም ቃል አልሰማሁም። ማናለብሽና ሐሺሽ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ አልገጥም አሉኝ።

ነገር ግን ጋሼ፣ በትክክለኛው ጊዜ ነው የጻፉልኝ። ከትምህርት መልስ የዚህ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፋይል እያመላለስኩ እሠራለሁ። የዘንድሮው ትልቁ ፋይል ደግሞ ይኸው እዚህ ማሪዋና የሚሉት ሐሺሽ ነው! እስካሁን ስምንት ግዛቶች ጥቂት ይዞ የተገኘን ሰው ማሰር ትተዋል። እንደ መኪና ማቆሚያ ቅጣት የገንዘብ መቀጮ ብቻ። እዚህም ረቂቁ ቀርቦ ክርክር ላይ ነው፤ ደጋፊው ከዓመት ዓመት እያደገ ነው። ጸጉራቸውን ያስረዘሙት ወጣቶች ብቻ እንዳይመስሉዎ። ሐኪሞች አሉበት፣ ዳኞች አሉበት፣ ቄስ ሳይቀር መጥቶ መስክሯል።

አንድ የፖም ገበሬ የሆነ እንደራሴ አለ፣ ጣቶቹ እንደ ሥር የወፈሩ ሽማግሌ። ተነሥቶ ምን አለ መሰለዎ? «የልጅ ልጄ ይህን ነገር ስታጨስ ባገኛት እኔው ራሴ እቀጣታለሁ። መንግሥት ግን ሁለት ዓመት አስሮ እንዲመልስልኝ አልፈልግም።» ከዚያም እጁን ለድጋፍ አወጣ። እኔም ፋይሌን አቅፌ በር ላይ እንደቆምኩ የማናለብሽን ፎቶግራፍ አሰብኩ።

ከጋዜጦች የቆረጥኳቸውን አስገብቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ በገዛ እግሯ ለምን ሄደች? እባክዎ ጠይቀው ይጻፉልኝ።

ሁልጊዜ የሚያከብርዎ፣
አምሳሉ

*

ኢትዮጵያ ትቅደም
ልደታ
ሐምሌ 2 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሳሉ፤

ቸሩ አምላክ ክረምቱን በሰላም ያሳልፍህ። ለኛስ ዝናቡ ጃንጥላዬን በስቶ ባለጉዳዮቼን ከነማመልከቻቸው እያበሰበሰብኝ ነው። ደብዳቤህ ተከፍቶ፣ ተለጥፎ፣ በደኅና ደርሶኛል። የጋዜጣ ቁርጥራጮቹም ጎድለው እንደሆን አላውቅም እንጂ ሦስት አግኝቻለሁ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ባነበብኩት ቁጥር ግራ መጋባቴ ጨመረ። «ድጋፍ እያደገ ነው» ትለኛለህ። እዚህ ድጋፍ ሲሰጥ ሜክሲኮ አደባባይ ተሰብስበን፣ መፈክር ይዘን፣ አብዮት አደባባይ ድረስ እንሄዳለን። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ስለዚህ ድጋፋችን ምንጊዜም ሙሉ ነው፤ ሲያድግም ሲቀንስም አይቼ አላውቅም። ያንተ ባለ ፖሙ ሽማግሌ ግን የሚጠላውን ነገር ይደግፋል፣ ያውም ማንም ስሙን ሳይዝበት። ይኼ ሰው ደግፎ ነው ተቃውሞ ወደ ቤቱ የሄደው? እስቲ በሌላ አነጋገር አስረዳኝ።

ጥያቄህን ለማናለብሽ አቅርቤላታለሁ። የምንነጋገረው በሽቦ አጥር ማዶ ለማዶ፣ ጠባቂ መሃላችን ቆሞ ነው። በገዛ እግርሽ ለምን ሄድሽ ስላት «ሌላ ሰው እስኪወስደኝ ልጠብቅ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ይኼ መልስ ነው? ይግባኝ እንበል ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላት፣ አልፈርምም አለች። «አባባ፣ እዚህ እንቅልፍ ይወስደኛል» አለችኝ። ስለ ስምንቱ ግዛቶችና ስለ መቀጮው ስነግራት ደግሞ ፊቷ ጥቁር አለና «አምሳሉን ስለ አየሩ ጠባይ ይጻፍልህ በለው» አለች። እስር ቤት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል ማለት ነው።

ሐሺሹን ከማን እንዳገኘች ደርሼበታለሁ። ጌጃ ሰፈር ያለው ኩማ፣ ሻሸመኔ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሄጄ አንገቱን ያዝኩት። «አገባሻለሁ ብለህ አታለልካት?» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ ባለትዳርና የሦስት ልጅ አባት ነኝ» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። እሷ ራሷ መጥታ «አንድ ሰው የሚያሳስር ያህል ስጠኝ፣ ከዚያ አይብለጥ» አለችው አሉ። እሱ የምትቀልድ መስሎት ነበር። ፖሊስ ቢመዝነው ሃያ ሁለት ግራም ሆነ። ይህን ሁሉ ሰምቶ ግራ ያልተጋባ አባት ካለ እስቲ ላክልኝ።

እሷ ባትፈርምም እኔ ወላጅ አባቷ ነኝና በስሜ ማመልከቴ አይቀርም። አሁን የምፈልገው የጋዜጣ ቁርጥራጭ አይደለም። ማመልከቻዎቼ ሁሉ አባሪ አላቸው፤ በዚህ በር ላይ የታወቅሁት በአባሪ ነው። ሕጉ ሲጸድቅ ማህተም ያለበትን ግልባጭ ላክልኝ። ማህተም የሌለው ወረቀት እዚህ የስኳር መጠቅለያ ነው።

ጋሼህ ኃይለመለኮት
አባሪ፦ የለም

*

ኦልባኒ
ነሐሴ 5 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጤናና ዕድሜ ይብዛልዎ። ዛሬ የምጽፈው በደስታ ነው!

ረቂቁ ጸደቀ። ከሐምሌ ወር ጀምሮ በዚህ ግዛት ከሃያ አምስት ግራም በታች ይዞ የተገኘ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ እስከ መቶ ዶላር ተቀጥቶ ቤቱ ይሄዳል። የማናለብሽ ሃያ ሁለት ግራም ነው! ይህ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የአገሩ ፕሬዚዳንት ራሱ ለምክር ቤቱ በላከው መልእክት፣ አንድን ዕፅ በመያዝ የሚሰጥ ቅጣት ዕፁ ራሱ በሰውየው ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት መብለጥ የለበትም ብሏል። በቁጥር ያንሱ የነበሩት ደጋፊዎች እዚህ ደረጃ ላይ ደርሰዋል።

ስለ ባለ ፖሙ ሽማግሌ የጠየቁኝን እንዲህ ይረዱልኝ፦ ሐሺሹን አልደገፈም፣ መታሰሩን ነው የተቃወመው። ሁለቱን ለይቶ ማየት እዚህም ላለው ሰው ቶሎ አልገባውም፤ ዓመታት ፈጅቷል።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለችውን ኃላፊ ለምኜ የሕጉን ግልባጭ በማህተም አሠርቻለሁ። ሁለት ገጽ ነው። ወርቃማ ማህተም፣ ቀይ ሪባን አለው። «ለሽያጭ ነው የያዝኩት» ያለችውን ቃል ግን ማመልከቻው ላይ አያንሡት፤ ያ ከተነሣ የዚህም አገር ሕግ አይረዳንም።

ለማናለብሽ ስለ አየሩ ጠባይ የጠየቀችኝን ይንገሩልኝ፦ ደህና ነው፣ ይሞቃል።

አምሳሉ

*

ኢትዮጵያ ትቅደም
ልደታ
ጥቅምት 9 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሳሉ፤

ዘመን መለወጫው የበረከት ይሁንልህ፣ ቢዘገይም እንኳ አደረሰህ። ያን የመሰለ ማህተም በሕይወቴ አላየሁም። ጃንጥላዬ ሥር ተራ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች በጣታቸው እየነኩ ተሳለሙት ማለት ይቻላል። አንዱ «ይኼ ከተያያዘማ ሙት ያስነሣል» አለ። በአንድ አስተማሪ አስተርጉሜ፣ በእጄ ጽሕፈት ሦስት ጊዜ ገልብጬ፣ ፍርድ ቤቱ ከክረምቱ ዕረፍት እንደተመለሰ ጥቅምት 3 ቀን አስገባሁ። መዝገብ ቤቱ ተቀብሎ ለኅዳር 22 ቀጥሮልኛል።

ደስ ብሎኝ ለማናለብሽ ልነግራት ሄድኩ። ልጄ፣ እንዲያ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። እናቷ ስትሞት እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። «አንሣው አባባ፣ ስለ እናቴ አንሣው» አለችኝና ጠባቂው ቀና ሲል ዝም አለች። በነጋታው የወሰድኩላትን ሽሮ ሳትነካው መለሰችልኝ። በሳምንቱም እንዲሁ። ነጻ ሊያወጣት ለሚለፋ አባት እንዲህ ይደረጋል? በጣም አዝኛለሁ አምሳሉ። ተቆጥቼም ነበር።

የሰፈር ወሬ ከፈለግህ ደህና ነን። የጥልፎቹ ልጆች ግን ተበትነዋል። ትርሓስ ዘመድ ጥየቃ እንደወጣች አልተመለሰችም። ሁለቱ የት እንዳሉ አይታወቅም። ደሚቱን ባለፈው ሰኞ ለጥያቄ ወስደዋታል፤ ሸዋዓለም ጠዋትና ማታ ምግብ እያደረሰች ሳህኑ ባዶውን ይመለስላታል። ስታልፍ አየኋትና አይዞሽ ልላት አልኩ። የሐሺሽ ቤት ሰው አይዞሽ ቢላት ምን ያደርግላታል ብዬ ተውኩት።

ጋሼህ ኃይለመለኮት
አባሪ፦ የማመልከቻው ግልባጭ፣ እንድትኮራበት

*

ኦልባኒ
ኅዳር 10 ቀን 1970 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ማመልከቻውን ዛሬውኑ ያንሡት። የላክሁልዎ ወረቀት የተሳሳተ ነው። ማህተሙም ትክክለኛ አይደለም። እዚህ የነበረው ድጋፍ ቀንሷል፣ ሕጉም ሊሻር ነው፣ ባለ ፖሙም ሰውዬ ሐሳቡን ቀይሯል። ሐሺሽ እጅግ ከባድ ወንጀል ነው። ሁለት ዓመት ትንሽ ቅጣት ነው። ትጨርሰው። ልጅቱ ያጠፋችውን ታውቃለች።

ሽሮውን ይውሰዱላት፤ ትበላለች። ስለ ጠፋው ዕቃዎም ደስ ይበልዎ።

እባክዎ፣ በእናቴ አጥንት ይዤዎታለሁ። ያንሡት።

አምሳሉ

*

ኢትዮጵያ ትቅደም
ልደታ
ጥር 15 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለአምሳሉ፤

ጤና ይስጥህ። እንደ ወትሮዬ ልመርቅህ ፈልጌ እጄ እንቢ አለኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ችሎቱ ካለፈ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። በነሐሴ ወርቃማ ማህተም ትልካለህ፣ በኅዳር ማህተሙ ሐሰት ነው ትላለህ። በግንቦት ሐኪምና ቄስ የደገፉት በኅዳር ከነፍስ ግድያ የባሰ ይሆናል። ያ ሽማግሌስ ምን ነካው? እኔ ላይ ነው የምትስቁት? የጠፋው ዕቃዬ ደግሞ እንዴት አድርጎ ነው ደስ የሚለኝ? የሠላሳ አንድ ዓመት እንጀራዬ ነበረች እኮ!

ኅዳር 22 የሆነውን ስማ። ማመልከቻዬን ቆሜ አነበብኩ። «ከሁለት ገጽ አባሪ ጋር» ብዬ ጨርሼ አቀረብኩ። ዳኛው ሪባኑን በብዕራቸው ጫፍ ብድግ አድርገው አዩት። ከዚያ ዓቃቤ ሕጉ፣ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ፣ ተነሣ። «ጓድ ዳኛ፣ ኢምፔሪያሊዝም የራሱን ጭቁን ወጣት በሐሺሽ ሲያደነዝዝ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ማህተም አድርጎ ወደኛ ላከው!» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ደንግጬ አብሬ አጨበጨብኩ መሰለኝ።

ዳኛው ወደኔ ዘንበል ብለው «አባት፣ ዕድሜ ልክዎን እዚህ በር ላይ ኖረው ይህን ያያይዛሉ?» አሉኝ። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ፣ ቅጣቷ ላይም ስድስት ወር ተጨመረ። በራስ አቤቱታ ላይ ቅጣት አይጨመርም ብዬ ጮኽኩ። ያ የድሮው ነው ተባልኩ። አባሪውን ወሰዱት፤ እኔን ደግሞ አንድ ክፍል አስገብተው ከማን እንዳገኘሁት ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቁኝ። «አርጅቷል፣ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም» ብለው ለቀቁኝ። እውነታቸውን ነው፣ አላውቅም።

በአባሪ ልጄን ስድስት ወር አሳሰርኳት። ይህን እንዴት ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ ሄድኩ። ነገርኳት። አምሳሉ፣ ሳቀች። ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፣ ከዚያም «ሽሮ አላመጣህም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የማመጣላትን ሁሉ ትበላለች። አእምሮዋን ነክቷታል ብዬ ፈርቻለሁ።

ሸዋዓለምን «ምግብ ከእንግዲህ አታምጪ» ብለዋታል። ማልቀስም አይፈቀድላትም። ሌሊት ግድግዳው ማዶ አፏን በትራስ አፍና ስታለቅስ ይሰማኛል።

አትጻፍልኝ። ካንተ የሚመጣ ወረቀት ያስፈራኛል።

ኃይለመለኮት
አባሪ፦ የለም

*

ኦልባኒ
መስከረም 8 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለጋሼ፣ በወይዘሮ ዙሃራ እጅ፤

አትጻፍልኝ ብለውኝ ስምንት ወር ዝም ያልኩት ታዝዤ አይደለም። መንገድ አጥቼ ነው። አሁን የጅቡቲ ባቡር ተከፍቷል፤ ተክለ ሃይማኖት ጨርቅ የሚነግዱት ወይዘሮ ዙሃራ ጅቡቲ ካለችው እህታቸው ጨርቅ ሲያመጡ ይህን ጣቃ ውስጥ ጠቅልለው ያደርሱልዎታል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ እጽፋለሁ። አንብበው ያቃጥሉት።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ትርሓስ ከካርቱም ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ሁሉን ነገረችኝ። የእሑዱ ጥልፍ፣ ጥልፍ አልነበረም ጋሼ። አምስቱ ልጆች በርሶ የጽሕፈት መኪና ወረቀት ይመቱ ነበር፣ የሚበተነውን ወረቀት። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት። በየካቲት ወር፣ ከየመንገዱ የተለቀሙት ወረቀቶች ላይ «መ» ከፍ ብላ እንደምትመታ ቀበሌዎቹ እንዳስተዋሉ ልጆቹ ሰሙ። የተመዘገቡትን መኪናዎች አንድ በአንድ ሊያዩ ነው። መኪናዋ ደግሞ በርሶ ስም ነው የተመዘገበችው።

ማናለብሽ አልሸጠቻትም። ከጌጃ ሰፈር በታች ወንዝ ውስጥ ጣለቻት። ለጠፋችበት ምክንያት ያስፈልግ ነበር፤ ሰፈር ሁሉ የሚያምነው፣ ሰምቶም የሚስቅበት ምክንያት። ለራሷም መደበቂያ ያስፈልጋት ነበር። ሲያስቡት ሲያስቡት ደህና ቦታ አጡ። በመጨረሻ ማናለብሽ «እስር ቤት ያለን ሰው ቤቱ ሄዶ የሚይዘው የለም። በሌላ ወንጀል እገባለሁ» አለች። ለሌሎቹም እንዲሁ እናድርግ አለቻቸው። ደሚቱ «እናቴ ከዚህ ውርደት ሞቴን ትመርጣለች» ብላ እንቢ አለች።

አሁን ይገባዎታል? እኔ እዚህ ማህተም ሳሠራ፣ እርስዎ እዚያ ሲገለብጡ፣ ሁለታችን ተባብረን ልጅቱን ከተሸሸገችበት ልናወጣት ነበር። ያን የኅዳር ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚያ ነው፣ ሁሉም ውሸት ነበር። ድጋፉ አልቀነሰም፤ ዛሬ ግዛቶቹ አሥራ አንድ ሆነዋል። ስድስት ወር ተጨመረባት የሚለውን ሳነብ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እልል ብዬ ሰዎች ወደ ውጭ አወጡኝ። ማህተሙ አዳናት ጋሼ፣ ዓቃቤ ሕጉ ስለጠላው። ባለ ፖሙ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም።

ይቅር ይበሉኝ። ይመርቁኝም።

አምሳሉ

*

ልደታ
ጥቅምት 2 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሳሉ፣ በዙሃራ እጅ፤

የአብርሃም አምላክ ይባርክህ፤ ያስቀረሁብህን ምርቃት ሁሉ ከነወለዱ ተቀበል። ያን ደብዳቤህን አንብቤ አቃጥያለሁ፣ ዓመት ሙሉም አልመለስኩልህም። መጻፍ የሚያውቅ ሰው ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው ገምት። እሷ ሳትወጣ አንድ ቃል ከእጄ እንዳይወጣ ፈራሁ።

ማናለብሽ መስከረም 5 ቀን ወጣች። ከርቸሌ በር ላይ ሳገኛት ምን እንደምላት ስንት ሌሊት ሳዘጋጅ ከርሜ «ጫማሽን ቀብተሻል?» ነው ያልኳት። ቀብታ ነበር። እስከ ቤት በእግራችን መጣን። ስለ መኪናዋ ስጠይቃት «ትከብድ ነበር አባባ፣ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አረፍኩ» አለችኝ። ሌላ አልተነጋገርንም። አሁን ባለጉዳይ ሲበዛ ጎኔ ተቀምጣ በእጅ ጽሕፈት ታግዘኛለች። ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቷ የሚመልሳት የለም፤ ፋይሏ ላይ ሐሺሽ የሚል አለ። እሷ ይህን ሲነግሯት አንገቷን ደፍታ ያፈረች ትመስላለች። ጎበዝ ናት።

አሁንም ግራ እንደገባኝ ልንገርህ። ሠላሳ አራት ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ እንደዚያ አጥብቄ የለፋሁበት የለም፣ እንደዚያም የተዋረድኩበት የለም፤ በመሸነፌ ግን ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች። እግዚአብሔርን ላመስግን ስነሣ ዓቃቤ ሕጉ ትዝ ይለኛል። እሱን ላመስግን? አንዳንዴ በምሥጋናው ውስጥ እፍረት ይገባብኛል፣ ምክንያቱም ግድግዳው ማዶ ሸዋዓለም አለች።

ትናንት መጣች። ከዚያ ከመጋቢት ወዲህ እግሯ ቤታችን ሲረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ማናለብሽ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻት። ሸዋዓለም አልተቀመጠችም፣ ቆማ ልጄን ከጸጉሯ እስከ እግሯ አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለች። የደሚቱን አስከሬን የት እንዳደረጉት እንዲነግሯት ነው። ወረቀት አወጣሁ። እጄ የለመደውን ነውና፣ ሳላስበው «አባሪ አለሽ?» አልኳት።

«ምን አባሪ አለኝ?» አለችኝ። «ንጹሕ ልጅ ነበረቻ። ሐሺሽ አጫሽ አድርጎ በሰጠኝ ኖሮ፣ ኃይለመለኮት። እንዳንተዋ ሐሺሽ አጫሽ አድርጎ በሰጠኝ ኖሮ።»

ማናለብሽ ተነሥታ አቀፈቻት። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቀረሁ። እስካሁን አልጻፍኩትም። ለማን ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም።

ጋሼህ ኃይለመለኮት
አባሪ፦ የለም